ሚዛኑም ይጹም፦ ለባሕር ዳር ምእመናን ግልጽ ደብዳቤ

በባሕር ዳር ከተማና በጣና ዙሪያ ለምትኖሩ ክርስቲያኖች፣
በተለይም ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችና ለሰበካ ጉባኤ አባላት፣

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እንደምን ሰነበታችሁ?

እኔ ዓሣ ነጋዴ ነኝ። ሐይቁ ዳር ከአጥማጆች እረከባለሁ፣ ከተማ ውስጥ በኪሎ እሸጣለሁ። ቆሮሶውም አምባዛውም በእጄ ያልፋል። ሰባኪ አይደለሁም፤ ዲቁናም አልተቀበልኩም። ሰንበት ትምህርት ቤት ነው ያደግኩት፤ እስከ ዛሬም ወር በገባ በ12 የሚካኤልን ጽዋ ከማኅበርተኞቼ ጋር እጠጣለሁ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አመንትቻለሁ። ስለ እምነት የሚናገር ሰው መጀመሪያ ራሱን ማየት አለበትና ከራሴው ልጀምር።

የ2016 ዓ.ም ጾም ትዝ ይላችሁ ይሆናል። የእኛ ዐቢይ ጾምና የሙስሊም ወገኖቻችን ረመዳን የገቡት በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2 ነበር። ያን ሰሞን ከተማው በሙሉ ጾመኛ ነበር ማለት ይቻላል።

አንዲት ደንበኛ አሉኝ። ሙስሊም ናቸው፤ እማማ ነው የምላቸው። አንድ ቀን ከአሥር ሰዓት በኋላ መጥተው ለማፍጠሪያ አንድ ኪሎ ፊሌቶ ገዙኝ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፌስታሉን እንደያዙ ተመለሱ። ዓሣው ተበላሽቶ መስሎኝ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን አልጮኹም፤ ሰው ፊትም አላዋረዱኝም። ገዢው እስኪሄድ ዳር ላይ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ቀረብ ብለው ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ አንተም ጾመኛ፣ እኔም ጾመኛ። ሚዛኑ ብቻ ነው ያልጾመው» አሉኝ።

ጎረቤት ሱቅ አስመዝነውት ነበር። መቶ ግራም ይጎድላል።

ሚዛኔ ባለ ሰሃን ነው፤ ፊቱ ላይ መርፌ አለው። ሰሃኑ ባዶ ሲሆን መርፌው ዜሮ ላይ መቆም አለበት። የእኔው ግን ባዶውን መቶ ግራም ላይ ይቆም ነበር። ማስተካከያ ብሎን አለችው። እሷን ማዞር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ለወራት አላዞርኳትም። አላየሁም ማለት አልችልም፤ መርፌው በየቀኑ ዓይኔ ሥር ነው። በቀን ሃያ ሰው ቢገዛኝ፣ ያልገዛሁትን ሁለት ኪሎ ዓሣ ሸጬ እገባለሁ ማለት ነው። ከሚዛኑ በላይ ግድግዳው ላይ ደግሞ ሰይፍና ሚዛን የያዘው የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ተሰቅሏል። የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ያን ጾም ከቅዳሴ ቀርቼ አላውቅም። ጠዋት ሱቅ ስከፍት መዝሙር እከፍታለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ይዘመራል። ሰው ሁሉ መዝሙሩን ይሰማል፣ ሥዕሉን ያያል፣ መቶ ግራም ጎድሎበት ይሄዳል።

እማማን ይቅርታ ጠየቅኳቸው። የጎደለውን ሞልቼ ገንዘባቸውንም ልመልስ ስል ገንዘቡን አልቀበልም አሉ። «መቶዋን ግራም ብቻ ስጠኝ፣ ሐቄ እሷ ናት» ብለው ወሰዱና ሄዱ። ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በነጋታው ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ስግደት ያዙኛል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። «ስግደቱን በኋላ እነግርሃለሁ፤ መጀመሪያ ሂድና ብሎኗን አዙር» አሉኝ። ቀጥለውም ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ እንደመለሰ አስታወሱኝ። የማውቀውን ደንበኛ በእጁ ልመልስለት፤ የማላውቀውን ደግሞ ለድኻ ልስጥለት። እንዲህ ብለው አሰናበቱኝ።

እንዳሉኝ አደረግኩ። ቀላል አልነበረም። ገንዘቡ አልከበደኝም፤ የከበደኝ ለእያንዳንዱ ደንበኛ «በፊት አጉድዬብህ ነበር» ብሎ መናገሩ ነው። አንዳንዱ ሳቀ። አንዱ ተቆጥቶ ቀረ፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም፣ አልፈርድበትም። አንድ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ግን ምርቃቱን ዓሣ ይዞ ዝም ብሎ ሲያየኝ ቆየና «ጋሼ፣ ምን አግኝቶህ ነው?» አለኝ።

ከአርባ ዓመት በላይ ክርስቲያን ሆኜ ስኖር፣ ስለ እምነቴ ሰው ከልቡ የጠየቀኝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ብዙ አላወራሁም። እግዚአብሔር እንደሚያየኝ ረስቼ እንደነበር፣ አንዲት እናት እንዳስታወሱኝ ነገርኩት። ሌላ አልጨመርኩም። ልጁ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። የመጣው ለዓሣ አልነበረም፤ እሱም የሚያስጨንቀው ነገር ነበረው፣ እሱን ሊነግረኝ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሐዋርያው ጴጥሮስ አንዲት ቃል ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። በመጀመሪያው መልእክቱ፣ በእናንተ ስላለው ተስፋ ለሚጠይቋችሁ ሁሉ መልስ ለመስጠት ተዘጋጁ ይላል። በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን ብሎም ይጨምራል። እኛ ሰንበት ትምህርት ቤት ስንማር ሁልጊዜ የምናጠናው መልሱን ነው። ጥቅስ እንይዛለን፣ ክርክር እንለማመዳለን። «ለሚጠይቋችሁ» የምትለዋን ግን እንዘላታለን። የሚጠይቀን ሰው አለ ወይ? ኑሯችን ውስጥ ጎረቤትን «ይህ ሰው ለምንድን ነው እንዲህ የሚሆነው?» የሚያሰኝ ምን አለ? መልስ ይዘን የተቀመጥን ሞልተናል። ጠያቂው ነው የጠፋው።

አትቀየሙኝ። በአደባባይ የሚታየውን እምነታችንን እወደዋለሁ። ጥምቀት ላይ ታቦታቱ ሲወጡ፣ ነጠላው ሲያጥለቀልቀው፣ ያ የከበሮ ድምፅ ሲመጣ ዛሬም እንደ ልጅነቴ እንባዬ ይመጣል። ይህ ይቅር የሚል ሰው ካለ አልስማማም። የምለው ሌላ ነው። ጥር 11 የሚያየን እንግዳ ጥር 13 መናኸሪያ ሲወርድ የሚያገኘን እኛኑ ነው። የታመመ ልጅ ታቅፋ ከገጠር የመጣች እናት «ሆስፒታል አድርሱኝ» ስትል፣ «ድንግል ሆይ ጠብቂኝ» የሚል የለጠፈ ባጃጅ አገር አታውቅም ብሎ ሦስት እጥፍ ቢጠይቃት፣ ያ ጽሑፍ ለእሷ ምን ይነግራታል? ተፈናቅሎ ለመጣ ቤተሰብ አንዲት ክፍል አከራይተን በሦስተኛው ወር ኪራይ ስንጨምርበትስ? ያ ሰው እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ በነጠላ ሲያየን ምን ይሰማው ይሆን? ሐሰተኛውን ሚዛን መጽሐፈ ምሳሌ «አባይ ሚዛን» ይለዋል። ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት ከተማ ተቀምጠን አባይ ሚዛን መያዝ አይሁንብን።

ይህ የኦርቶዶክስ ልጅ ደብዳቤ ነው። በከተማችን ያላችሁ ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች ግን አያገባንም እንዳትሉ። እናንተም ሚዛን አላችሁ።

እስቲ ዘጌን አስቡት። ከከተማችን በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። የሐይቁ ዙሪያ አብዛኛው ታርሶ፣ ተመንጥሮ አልቋል። ዘጌ ስትደርሱ ግን ከጀልባ እንደወረዳችሁ ጫካ ውስጥ ትገባላችሁ። ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው የሚበቅለው። በዚያ ምድር በሬ ጠምዶ ማረስ፣ ከብት ማርባት፣ ዛፍ እንዳሻ መቁረጥ ነውር ሆኖ ኖሯል። የአገሩ ሰው ከአቡነ በትረ ማርያም የወረደ ቃል ኪዳን ነው ብሎ ያምናል። ስንት መቶ ዓመት ጠብቀውታል! እኔ ልጅ ሆኜ ከእንግዶች ጋር እሄድ ነበር። እንግዳው አገሩም ሃይማኖቱም ይለያይ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ለመድረስ ሽቅብ ሲወጣ አንድ ጥያቄ አይቀርለትም፤ «ይሄ ጫካ እንዴት ተረፈ?» ይላል። መልሱን ሲነግሩት ስለ እምነት መስማቱ ነው። ማንም አልሰበከውም። ዛፉን አይቶ ነው የጠየቀው። ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ጆሮው ተከፍቷል።

ዓሣ ነጋዴ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ከወንጌል ሁሉ የምወደው የዮሐንስን የመጨረሻ ምዕራፍ ነው። ሰባቱ ደቀ መዛሙርት ሌሊቱን ሙሉ ሲለፉ አድረው ባዶ እጃቸውን ናቸው። ይህን የጣና አጥማጅ ያውቀዋል፤ ጠዋት ባዶ ታንኳ ይዞ የሚመጣ ሰው ፊቱ ምን እንደሚመስል እኔም አውቀዋለሁ። ጌታ ከሙታን ተነሥቷል፤ ሞትን ድል አድርጎ የመጣ ነው። ዳር ላይ ምን ሲያደርግ አገኙት? ፍም አንድዶ ዓሣ ጠብሷል፣ እንጀራም አዘጋጅቷል። «ኑ፣ ብሉ» አላቸው። ጴጥሮስን «ትወደኛለህን?» ብሎ የጠየቀው ከበሉ በኋላ ነው። ያ ጴጥሮስ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ፣ በሌላ ፍም ዳር እየሞቀ፣ ሦስት ጊዜ አላውቀውም ያለ ሰው ነበር። ጌታ በራብና በብርድ ላይ ወቀሳ አልጨመረበትም። መጀመሪያ አበላው። እኛ አብዛኛውን ጊዜ ከወቀሳው እንጀምራለን፤ ቁርሱም ይረሳል።

አንድ የሚከብደኝን ነገር ደግሞ ልናገር። የዚህ ሐይቅ ጥንታዊ ሰዎች የሆኑት የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን አብረውን ይኖራሉ። ታንኳ ከደንገል መሥራትን ከእነሱ በላይ የሚያውቅበት የለም። አባቶቻቸው ጉማሬ ያድኑ፣ ይበሉ ነበርና በዚያ ሰበብ ከማዕድ አርቀናቸው ኖረናል። እነሱ ሙስሊም ነን ይላሉ፤ ሌላው ሙስሊምም ቢሆን ለረጅም ዘመን አላስጠጋቸውም። እናቴ ደግ ሴት ነበረች፤ ለማኝ ከደጇ ባዶ እጁን ተመልሶ አያውቅም። ቤታችን ግን ለብቻዋ የምትቀመጥ አንዲት ጣሳ ነበረች። ደንገል ይዘው የሚመጡት ሰውዬ ውኃ ሲጠይቁ በእሷ ነበር የሚሰጣቸው። እሳቸውም ያውቃሉ። ጠጥተው ራሳቸው አጥበው ድንጋዩ ላይ ይደፏት ነበር። ያን አጠጣጥ አልረሳውም። ከቤታችን ሦስት መቶ እርምጃ የማይርቅ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የሳምራዊቷ ሴት ሥዕልም አለበት። ጌታ ከማይነካ ዕቃ ውኃ ሲለምን ያሳያል። በየሳምንቱ እንሳለመዋለን።

ዛሬ ዓሣ ከምረከባቸው ሰዎች አንዱ ከዚያው ወገን ነው። ሥጋችንን አይበላም፣ እኔም የእሱን አልበላም። ዓሣ ግን ማረድና መባረክ አይፈልግም። ስለዚህ አንዳንድ ጠዋት ዳር ላይ ቁጭ ብለን ዓሣ በዳቦ እንበላለን፣ ከአንድ ጀበና ቡና እንጠጣለን። ስለ ሃይማኖት አንስተን አናውቅም ነበር። ባለፈው ዓመት እናቱ ስታርፍ ሄጄ አብሬው ድንኳን ውስጥ ዋልኩ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን መረቡን እያፍታታ፣ ቀና ሳይል፣ «እናንተ ሞታችሁ እንደምትነሡ እርግጠኛ ናችሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። የማምነውን ነገርኩት። እሱም የሚያምነውን ነገረኝ። አልተከራከርንም። ፀሐይዋ ከፍ እስክትል ተቀመጥን።

ይህን ስል «ኑሮዬ ይበቃል፣ አፌን መክፈት አያስፈልገኝም» የሚለውንም መደገፌ አይደለም። እኔ በዚህም ወድቄያለሁ። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሱቄ መጥቶ «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ቀን የምትጾሙት ለምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ልጁ ከልቡ ነው፤ ሊያፌዝ አልነበረም። እኔ ግን ሥራ በዝቶብኛል፣ ደግሞም ሰው አለ፣ አፈርኩ። «ያው ልማድ ነው» አልኩት። ልማድ አይደለም። ጾም ለእኔ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያን ልጅ ግን በሁለት ቃል ሸኘሁት። ተመልሶ አልመጣም። ከሚዛኑ ይልቅ ይቺ ትቆጨኛለች። መቶ ግራሙን መመለስ ችዬ ነበር።

የማናውቀውንም ስንጠየቅ መቀባጠር የለብንም። «ይህን አላውቅም፤ እሑድ አብረን መምህሩን እንጠይቅ» ማለት ነውር አይደለም። ሰው የሚሸሸው አላዋቂን አይደለም፤ ያላወቀውን እንዳወቀ ሆኖ የሚጮኽበትን ነው። ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ የቅዱሳንን ሥዕል ፕሮፋይል አድርጋችሁ ከሥሩ የሰው እናት የምትሰድቡ ወንድሞቼ፣ እባካችሁ፣ ወይ ስድቡን ወይ ሥዕሉን አንሡት። ስለዚህ ከዚህ በላይ አልልም።

አሁን ልመናዬን ልናገር።

የሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊዎች ሆይ፣ የክርስቲያናዊ ሥነ ምግባር ትምህርት አላችሁ። ጥሩ ነው። ግን በወር አንድ እሑድ መምህሩ ይቀመጡና ሠራተኛ ሰው ይቁም። ነርሷ ሌሊት ተረኛ ሆና በሽተኛ ሲሰድባት ምን እንደምታደርግ ትናገር። የባጃጅ ሾፌሩ ረስተውበት የወረዱትን ስልክ ምን እንዳደረገ ይናገር። ልብስ ሰፊው ለበዓል አደርሳለሁ ብሎ ስላላደረሰው ቀሚስ ይናገር። ድሉን ብቻ አይደለም፤ ውድቀቱንም ይናገር። እኔ በ15 ዓመቴ እንዲህ ያለ አንድ ሰው ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ያቺን ብሎን ቶሎ አዞራት ነበር ብዬ አስባለሁ። ካመናችሁብኝ እኔ የመጀመሪያው ልሁን፤ ሌላ ሰው ካላችሁም ደስ ይለኛል።

የሰበካ ጉባኤ አባላት ሆይ፣ ለንግሥ ከገጠር የሚመጣውን እንግዳ ተመልከቱልን። ያ ቀን ጧፍ፣ ውኃ፣ ዳቦ፣ የመኝታ ዋጋ እንዴት እንደሚንር ታውቃላችሁ። የሚሸጡት የእኛው ልጆች ናቸው። ከዐውደ ምሕረቱ ስለ ስብከቱ ሰዓት ማሳሰቢያ ሲነገር፣ «ዛሬ በእንግዳ ላይ ዋጋ አትጨምሩ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አብሮ ይነገር። ከተቻለም እዚያው በር ላይ እንግዳው በነፃ ውኃ የሚጠጣበት አንድ ጋን ይቀመጥ። በአንድ ጣሳ፣ ለሁሉም።

ዓሣ የምትሸጡ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ለእናንተ የምለው አጭር ነው። አንድ ኪሎ ልኩ የተረጋገጠ ብረት ከሚዛናችሁ አጠገብ አስቀምጡ። ገዢው ራሱ ያንሣው፣ ሰሃኑ ላይ ያድርገው፣ መርፌውን ይይ። የእኔው ከተቀመጠ ቆይቷል። መጀመሪያ ሰሞን ሁሉም ይፈትሹ ነበር፤ አሁን ልጆች ብቻ ናቸው የሚጫወቱበት። እማማ አሁንም ይመጣሉ። ባለፈው ረመዳን ብረቱን አንሥተው ሰሃኑ ላይ አስቀመጡና መርፌው ኪሎው ላይ ሲቆም አዩ። ምንም አላሉም። ብረቱን ወደ ቦታው መልሰው «አንድ ኪሎ ስጠኝ» አሉኝ።

ሱቁ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው። ብረቱም እዚያው አለ።

ወንድማችሁ ዓሣ ነጋዴው
ባሕር ዳር